እህቴ፣ መቀሱን አስቀምጪው!

ባለፈው ስለ ቤት አከራዮች የጻፍኳት ነገር ስንቱን አከራይ እንዳስቆጣች ብነግራችሁ አታምኑኝም። የኔዋ አከራይ ሳይቀሩ ጋዜጣውን ይዘው በሬ ላይ ቆመው “ይሄ ነገር እኔን ነው እንዴ?” ብለውኛል። ምዬ ተገዝቼ ነው የተረፍኩት። ብቻ እሱን እንተወውና ወደ ዛሬው ጉዳይ እንግባ።

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአንዲት የ24 ዓመት ወጣት ነው። ስሟንም ሰፈሯንም እንዳልጠራ አደራ ብላኛለች፤ አደራዋን እጠብቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድ አያቷ በቅርቡ አረፉ። በጎልማሳነታቸው የጎጃም መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። አርባቸው ከወጣ በኋላ ቤተሰቡ ሳጥናቸውን ሲከፍት፣ ከድሮ መንጃ ፈቃዳቸውና ከዕድር ደብተራቸው ስር አንድ ፎቶግራፍ ተገኘ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ፣ የድሮ። አያትየው የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ጠቅልለው፣ አንድ እግራቸውን የመኪናቸው መርገጫ ላይ ሰቅለው ይስቃሉ። ከኋላቸው የዓባይ ድልድይ ይታያል። ከጎናቸው ደግሞ ነጠላዋን ያጣፋች ወጣት ሴት ቆማለች፤ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ታቅፋለች። በጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ “ዓባይ በረሃ፣ 1958” ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም።

ሴትየዋን ከቤተሰቡ የሚያውቃት የለም። ሴት አያቷ ግን በሕይወት አሉ፤ ፎቶውንም ገና አላዩትም። ልጅቷ እንዲህ ስትል ጽፋለች፦ “አክስቴ ‘እማዬ ሳታየው ሴትዮዋን በመቀስ ቁረጫትና አባዬ ብቻ ይቅር፤ አሳድገን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን’ ትለኛለች። አባቴ ‘ቅደጂው!’ ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ። መቀሱ እጄ ላይ ነው። ምን ላድርግ?”

እኔ ደግሞ ስለ መቀስ ከተነሳ ብዙ የምናገረው አለኝ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት የራሴን ጉድ ልዘርግፍ።

12ኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ በጊዜው ከነበረችኝ ልጅ ጋር ባሕር ዳር አጎቴ ዘንድ ሄደን ነበር። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞ የሚጀምርበት ዳር ላይ ከቆሙት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሦስታችንን አነሳን፤ በወረቀት አትሞም ሰጠን። እሷ መሃል፣ እኔና አጎቴ ግራና ቀኝ። ከዚያ ተጣላን። የተጣላንበትን ምክንያት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ይቅር። አንድ ምሽት ብሽቅ ብዬ መቀስ አነሳሁና መሃሉን ቆርጬ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ወረወርኩት። አጎቴ ግን እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ ኖሯል፤ ከእሷ ጋር የአጎቴም ግማሽ ፊት ሄደ። ዓመት ሳይሞላ አጎቴ አረፈ። ለለቅሶው ፎቶ ሲፈለግ በቤቱ የተገኘው የመታወቂያ ጉርድ ብቻ ነበር። እኔ ኪስ ውስጥ የሰውዬው ግማሽ ፊት ነበረ። አውጥቼ ማሳየት አፍሬ ከለቅሶ ቤቱ ጥግ ላይ እንደ ሌባ ተቀመጥኩ። እና እህቴ፣ ለአንቺ የምመልሰው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም።

ደብዳቤሽን ይዤ የሄድኩት አንድ የማውቃቸው የድሮ ፎቶ ቤት ባለቤት ዘንድ ነው። ጋሼ ነው የምላቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። “ቆረጠችው እንዴ?” አሉኝ። “ገና ነው” አልኩ። “ተመስገን!” ብለው ተነሱና ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ የወፍጮ መጅ የሚያክል መጽሐፍ አወረዱ። የጥንት ፎቶግራፎች ስብስብ ነው። “ያንተ ደንበኛ አያት ብቻ አይደሉም ዓባይ ዳር የተነሱት። እስቲ እነዚህን እይ” አሉኝ። ለማኪያቶ ነበር የመጣሁት፤ ስወጣ መሽቶ ነበር።

መጽሐፉ ውስጥ ያለው ታችኛው ዓባይ ነው፤ ናይል የሚሉት። ማክሲም ዱ ካም የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1849 መጨረሻ ግብፅ ይገባል። አብሮት የሄደው ጓደኛው ጉስታቭ ፍሎቤር ነው፤ ያ በኋላ በልብ ወለድ ድርሰቱ ስሙ የገነነው። በ1850 ጀልባ ተከራይተው ወንዙን ሽቅብ እስከ ወዲ ሐልፋ ድረስ ወጡ። ፎቶግራፍ የሚባለው ነገር ራሱ ለዓለም ከታወቀ ገና ዐሥር ዓመቱ ነበር። ዱ ካም ያነሳው የነበረው በወረቀት ኔጋቲቭ ነው፤ ምስሉ እስኪያዝ ደግሞ እንደኛ ስልክ ቀጭ ተብሎ አያልቅም። ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ትንፋሹን ውጦ እንደ ሐውልት መድረቅ አለበት።

ዱ ካም የቤተ መቅደሶቹ ቁመት እንዲታወቅለት ምሰሶው ስር ወይም ሐውልቱ ላይ ሰው ያቆም ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ሐጂ ኢስማኤል የሚባል ኑቢያዊ ነው፤ ከጀልባዋ መርከበኞች አንዱ። ሐጂ ኢስማኤል እንዳይነቃነቅ ዱ ካም ምን ቢለው ጥሩ ነው? የካሜራውን የነሐስ ቱቦ እያሳየ “ይሄ መድፍ ነው፤ ንቅንቅ ብትል ይተኩስብሃል” አለው! ምስኪኑ ሰውዬም አመነ። ይህን ያጫወተን ዱ ካም ራሱ ነው፣ ጉብዝናውን እንደሚያወራ ሰው። እኔን ግን አላሳቀኝም። ሰውን እንደ ማስመሪያ የሚያቆም ካሜራ! ሆኖም አንድ ነገር አልክድም፤ ስሙን ጽፎለታል። ዱ ካም በ1852 ያሳተመው መጽሐፍ 125 ፎቶግራፍ ነበረው። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መሃል ጣቴን አስቀምጬ “ይሄ እኮ እገሌ ነው” ማለት የቻልኩት ስሙ በመጻፉ ነው። በሌሎቹ ገጾች ላይ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! እንስራ ይዘው ወደ ውሃው የሚወርዱ ሴቶች፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ባልዲ አንጠልጥለው ውሃ ወደ ማሳ የሚያወጡ ገበሬዎች፣ የጀልባ ሸራ የሚጠቅሙ ልጆች… ከስራቸው የተጻፈው “የናይል ዳር ትዕይንት” ነው። ትዕይንት! ስም የለ፣ የማን ልጅነት የለ።

ከዱ ካም ቀጥሎ ፍራንሲስ ፍሪት የሚባል እንግሊዛዊ አለ። ፎቶ አንሺ ከመሆኑ በፊት የግሮሰሪ ነጋዴ ነበር። ግሮሰሪ ስል የሰፈራችንን ቢራ ቤት እንዳይመስላችሁ፣ የሸቀጣ ሸቀጥ ንግድ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ወደዚያ አገር ተመላልሷል። እሱ የሚያነሳው በመስታወት ላይ ነው፤ ትልልቆቹ መስታወቶች ወደ 40 በ50 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። መስታወቱ ላይ የሚቀባው ፈሳሽ ሳይደርቅ ተነስቶ እዚያው መታጠብ ስላለበት ጨለማ ክፍሉን ይዞት ይዞር ነበር፤ በድንኳንና በሠረገላ። በዚያ ሐሩር ፈሳሹ መስታወቱ ላይ ይፈላበት እንደነበር ጽፏል። ከሁሉ ያሳቀኝ ግን የአገሬው ሰው ነገር ነው። ያን ሁሌ ተሸፍኖ የሚሄድ ሠረገላ እያየ “ይሄ ፈረንጅ ቆንጆ ቆንጆ ሚስቶቹን ደብቆ ነው የሚዞረው” ይል ነበር አሉ። ሰው መቼም ያላየውን ነገር ሲተረጉም ሁሌ ወደ ሴት ነው የሚሄደው። (አክስት ሆይ፣ ይህቺ ለእርስዎ ናት።)

አንድ ገጽ ላይ ጋሼ ጣታቸውን አሳርፈው ቆሙ። የዘንባባ ዛፎች ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ ወዲያ ማዶ ፒራሚዶቹ አሉ፤ ፒራሚዶቹ ደግሞ ውሃው ላይ ተገልብጠው እንደገና ይታያሉ። “ይሄ ውሃ የማን ይመስልሃል?” አሉኝ። ዝም አልኩ። “የእኛ ክረምት ነው! የጎጃምና የወሎ ዝናብ ነው” አሉና ሳቁ። እውነታቸውን ነው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ ዓባይ፣ ተከዜና ባሮ ይዘውት የሚሄዱት። በየዓመቱ ነሐሴና መስከረም ላይ ግብፅ እንዲህ ትጥለቀለቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ከፍተኛው የአስዋን ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር ያ ጎርፍ አከተመ። ዛሬ ካይሮ ሄዳችሁ ያን ፎቶ ልድገመው ብትሉ ውሃው የለም። የቀረው ወረቀቱ ነው።

ኑቢያ ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መጀመሪያ በ1902 የተሠራው የአስዋን አሮጌ ግድብ የፊሌን ደሴት በየዓመቱ ለወራት ውሃ ውስጥ ይከታት ጀመር። ሰዎች በቤተ መቅደሱ ምሰሶዎች መሃል በጀልባ ሲቀዝፉ የሚያሳዩ ፎቶዎች አሉ፤ ቆንጆ ናቸው፣ ግን ሲያዩአቸው ሆድ ያባባሉ። በኋላ ትልቁ ግድብ ሲመጣ አቡ ሲምበልን ከ1964 እስከ 1968 በድንጋይ በድንጋይ ቆርጠው ወደ 65 ሜትር ከፍ አድርገው ተከሉት። ዓለም ተረባርቦ ድንጋዩን አተረፈ። የሰዎቹ መንደር ግን ቀረ። በግብፅና በሱዳን ወደ 100,000 የሚጠጉ ኑቢያውያን ከወንዙ ዳር ተነሱ። አሮጌዋ ወዲ ሐልፋ፣ እነዱ ካም ደርሰው የተመለሱባት፣ ውሃ ውስጥ ናት። ከሱዳን የተነሱት የሰፈሩት ኸሽም ኤል ጊርባ አትባራ ወንዝ ላይ ነው፤ አትባራ ማለት ደግሞ የእኛ ተከዜ ገብቶበት የሚሄደው ወንዝ ነው። እንግዲህ አስቡት። የአንድ ኑቢያዊ የልጅ ልጅ የአያቱን በር ማየት ቢያምረው ሄዶ የሚያንኳኳው በር የለውም። ያለው ፎቶ ነው፤ ያም አንድ መንገደኛ ፈረንጅ ሐውልት ሊያነሳ ሲል በአጋጣሚ ጥግ ላይ የገባለት ከሆነ።

ይህን ስሰማ ወደ ቤታችን ዞርኩ። ለመሆኑ የእኛን ዓባይ ማን አነሳው? ብዙዎቻችን ጢስ ዓባይን መጀመሪያ ያየነው በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነው። ሳንቲም ሳይተካው በፊት ፏፏቴውን አጣጥፈን ኪሳችን ከተን ለታክሲ እንከፍልበት ነበር! ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ ቆንስላ ሆኖ ተቀምጦ፣ በበቅሎ እየዞረ ሸለቆውን በካርታ አስፍሯል፤ በ1936 ያሳተመው የጣናና የዓባይ መጽሐፉ ፎቶዎች አሉት። የሰባራ ድልድይ ፎቶም አለ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ተሰብሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ ሲሻገሩበት የነበረው። እነዚህን ሳይ የምጠይቀው አንድ ነው፤ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለው ሰውዬ ማን ነው? ገመዱን የሚስቡትስ?

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እኔም ከጨፈሩት አንዱ ነኝ፤ አልደብቅም። ግን ከሐምሌ 2012 ጀምሮ ውሃው ሲሞላ ከስሩ የገባው የጉባ ሸለቆ፣ ከዚያ የተነሱት ሰዎች ግቢና የዛፍ ጥላ ስንት ፎቶ አለው? የግድቡን ፎቶ ሁላችንም ስልካችን ላይ ጭነናል። የሰዎቹን ደጃፍ ያነሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ አታጥፉት፤ የቦታውንና የሰዎቹን ስም ጻፉበት።

በሉ ወደ እህቴ ልመለስ፤ መቀስ ይዛ ቆማለች።

እህቴ፣ አንደኛ ነገር አትቁረጪ። ፎቶ ላይ አብሮ መቆም ጋብቻ አይደለም። የዚያን ዘመን የጎጃም መስመር ሹፌር ጎሐ ጽዮን ላይ መንገደኛ ይጭናል፣ ቁልቁል ወርዶ ድልድዩ ጋ ሞተር ያቀዘቅዛል፣ ሽቅብ ደጀን ያወርዳል። ሴትየዋ ተሳፋሪ ልትሆን ትችላለች። የረዳቱ እህት ልትሆን ትችላለች። ድልድዩ ጋ ሻይ የምትሸጥም ልትሆን ትችላለች። ወይም ደግሞ አክስትሽ የፈሩት ሊሆን ይችላል፤ አልዋሽሽም። ያም ቢሆን ያቀፈችው ልጅ ዛሬ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ አንድ ቦታ ላይ “የአባቴ ፎቶ የለኝም” እያለ ይኖር ይሆናል። ይህን በመቀስ መወሰን የአንቺ ሥልጣን አይደለም። የአክስትሽም አይደለም።

ሴት አያትሽን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቡና ላይ ፎቶውን እንዳታወጪባቸው። ብቻቸውን ሆነው ልባቸው ደህና ሲሆን፣ “ይሄን አገኘሁ፣ ማየት ይፈልጋሉ?” በያቸው። አልፈልግም ካሉ መልሰሽ አስቀምጪው። የሃምሳ ምናምን ዓመት ትዳር ያሳለፉ ሴት ናቸው፤ እናንተ እንደምታስቡት እንቁላል አይደሉም።

ስለ ወረቀቱ ጋሼ የሰጡኝን ምክር እንዳለ አስተላልፋለሁ። ላሚኔት አታስደርጊው! አገራችን ላይ ስንቱ ፎቶ በላሚኔት እንደታፈነ እሳቸው ያውቃሉ። ሙጫ ያለው አልበም ውስጥም አትለጥፊው። ዋናውን ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀይ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቅጂው ነው። ጥላ ባለበት መስኮት አጠገብ አስቀምጠሽ ያለ ፍላሽ በስልክሽ ፊቱንም ጀርባውንም አንሺው፣ ከተቻለሽ ስካን አስደርጊው። ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ፖስታ ከተሽ ደረቅ ቦታ። ጀርባው ላይ ስትጽፊ ደግሞ በእርሳስ፣ ሳትጫኚ፣ ጠርዙ ላይ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ይመጣል።

ስልኳን ጽፋልኝ ስለነበር ይህን ሁሉ ጋዜጣው እስኪወጣ ሳልጠብቅ ደውዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከአራት ቀን በኋላ መልሳ ደወለች።

አሳይታቸዋለች። ሴት አያቷ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሴትየዋ አይደለም፤ ስለ መኪናው ነው። “ይቺ መኪና ናት ሠርጌ ላይ ያልተነሳችለት” አሉ። ከዚያ ጀርባውን አስነበቧት። “58 ከሆነ እኔን ከማግባቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው” አሉ። ሴትየዋን አላውቃትም አሉ። ልጁ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። “የልጁን ጆሮ አይተሽዋል?” አሏት። ልጅቷ አላየችም ነበር። “የአባትሽ ጆሮ ነው” አሉና ፎቶውን ከትራሳቸው ስር አስገቡት። ደግሞ እንደገና ጠሯትና “መቀሴን የት አደረግሽው? የልብስ መስፊያ መቀሴ እኮ ነው፤ መልሺ” አሏት።

እኔ እዚህ ላይ ልቤ ፈርቶ ነበር፤ “ጎዳኋቸው እንዴ?” ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቷም እርግጠኛ አይደለችም። ያን ቀን እራት አልበሉም። በማግስቱ ግን እርሳስ አስመጥተው “ጻፊ” አሏት። እሳቸው እየነገሯት የጻፈችው ይህን ነው፦ “ከባለቤቴ ጋር ያሉት ሴትና ሕፃን። ስማቸውን የሚያውቅ የለም። እኔ አይቼዋለሁ።” ከስሩ ቀኑን ጻፈች።

አሁን ልጅቷ ቅጂውን ይዛ ጎሐ ጽዮንና ደጀን ያሉ የድሮ ሰዎችን ልትጠይቅ አስባለች፤ አባቷ ገና አልሰማም። ሂጂም አትሂጂም አላልኳትም። ከሄደች ግን ዋናውን ቤት ትተሽ ሂጂ ብያታለሁ።

አክስትየው ስልኬን ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ እስካሁን ሦስት ጊዜ ደውለዋል። አላነሳሁም።